የሦስት ዓመት ትዕግሥት የሚጠይቅ መደብ



በዚህ ወር የምናነሳው የጓሮ ተክል ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ስሙ አስፓራገስ ይባላል። እንድናነሳው ምክንያት የሆነን በምዕራብ ጎጃም ከምትገኘው ከጅጋ ከተማ አንዲት እኅታችን የጻፈችልን ደብዳቤ ነው። እኅታችን ባለትዳርና የአራት ልጆች እናት ናት። ከቤቷ ጀርባ ያለችውን ጓሮ በበርበሬ፣ በጎመንና በነጭ ሽንኩርት እያለማች የቤቱን ወጪ ስትደጉም ኖራለች። ይሁን እንጂ ባለፉት ሁለት ዓመታት በርበሬው ፍሬ ሊይዝ ሲል እየጠወለገ ከነሥሩ ደረቀባት። በጀርመን አገር የምትኖረው ታናሽ እኅቷ ይህን በስልክ ስትሰማ፣ «በርበሬውን ተይውና አስፓራገስ ትከዪ። እዚህ ሰው በውድ ዋጋ እየተሻማ ነው የሚገዛው። አንዴ ከተተከለ ሃያ ዓመት ይበላል። ዘሩን እኔ እልክልሻለሁ» አለቻት።

ባለቤቷ ግን በሐሳቡ አልተስማማም። «ሦስት ዓመት ምንም የማይሰጥ ነገር በዚህች ቁራሽ መሬት ላይ ተክለን ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው?» ሲል ጠየቃት። እኅታችን ደብዳቤዋን የደመደመችው እንዲህ በማለት ነው፦ «እሱም እውነቱን ነው፤ እኅቴም ለእኔ ብላ ነው። ልትከለው ወይስ ልተወው? እናንተ ፍረዱን።»

እኛ ደግሞ በባልና ሚስት መካከል ገብተን በሩቁ መፍረድ አልፈለግንም። በመሆኑም ለሌላ ጉዳይ ወደ ፍኖተ ሰላም በሄድንበት አጋጣሚ ጅጋ ላይ ወርደን ጓሮውን በዓይናችን አየነው። ያየነውንና የመከርነውን ለሌሎቻችሁም ይጠቅም እንደሆነ ብለን እነሆ አቅርበነዋል።

የጎረቤት ዘመድ

ጅጋ በጃቢ ጠህናን ወረዳ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። አካባቢው ወይና ደጋ ነው። ፍኖተ ሰላም ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ በርበሬ በመላ አገሪቱ የታወቀ ሲሆን፣ በየጓሮው ማንጎና አቮካዶ፣ ቡናና ጎመን ማየት የተለመደ ነው። ምድሩ ለምለም ነው። ያዩት ነገር ሁሉ የሚበቅልበት ይመስላል።

የአስፓራገስን ፎቶግራፍ አውጥተን ለቤተሰቡ ስናሳይ መጀመሪያ ያወቁት የባለቤቷ እናት ነበሩ። ቅጠሉን አተኩረው ተመለከቱና፣ «ይኼማ አጥር ላይ የሚጠመጠመው የሴት ቀስት አይደለም እንዴ! እሾሁ ልጆቹን እየጫረ ስንት ጊዜ አስቆረጥኩት» አሉ። እማማ አልተሳሳቱም ማለት ይቻላል። በአማርኛ የሴት ቀስት፣ በኦሮምኛ ሰሪቲ የሚባለው እሾሃማ ሐረግና በአውሮፓ ገበያ የሚሸጠው አስፓራገስ የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። የዕፅዋት ሊቃውንት ሁለቱንም አስፓራገስ በሚባለው አንድ ቤተሰብ ውስጥ ይመድቧቸዋል። በከተማ ቤቶች በረንዳ ላይ በማሰሮ የሚተከለው፣ ለሠርግ አበባ ማጀቢያ የሚሆነው ቅጠለ ቀጭን ተክልም ከዚሁ ወገን ነው።

ይሁንና እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ እንስጥ። ዘመድ ናቸው ማለት ሁሉም ይበላሉ ማለት አይደለም። የሴት ቀስትን ሥር የባህል መድኃኒት አዋቂዎች ይጠቀሙበታል እንጂ የጓሮ አትክልት አይደለም። የማሰሮው ተክልም ለጌጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ከአጥር ላይ ለጋውን እየቀጠፈ ወደ ድስት የሚያስገባ ሰው እንዳይኖር አደራ እንላለን።

ለመሆኑ የሚበላው ምኑ ነው?

የሚበላው አስፓራገስ ከዓመት ዓመት የሚኖር ተክል ነው። እንደ ጎመን ቅጠሉ፣ እንደ ድንች ሥሩ አይበላም። ከመሬት በታች ጣት የሚመስሉ ወፋፍራም ሥሮች አሉት። እነዚህ ሥሮች ምግብ ያጠራቅማሉ። ወቅቱ ሲደርስ ከሥሩ አናት ላይ እንደ ጦር ቀጥ ያሉ ለጋ ቡቃያዎች አፈሩን ሰንጥቀው ይወጣሉ። የሚበላው ይኸው ለጋ ቡቃያ ነው። ካልተቆረጠ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ያድግና ቅርንጫፍ አውጥቶ፣ ላባ የመሰለ ቅጠል ይለብሳል። ይህ ላባ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ምግብ እየሠራ ወደ ሥሩ ይመልሳል። የከርሞው ቡቃያ የሚወጣው በዚህ ስንቅ ነው።

ውድ አንባቢያን! የዚህን ተክል ጠባይ የተረዳ ሰው ለምን ሦስት ዓመት እንደሚያስጠብቅ ወዲያው ይገባዋል። ገና በልጅነቱ ቡቃያውን የቆረጠበት ሰው ሥሩን ያስርበዋል። የተራበ ሥር በሁለተኛው ዓመት ይቀጥናል፤ በሦስተኛው ይሞታል። በትዕግሥት የተያዘ መደብ ግን ከ15 እስከ 20 ዓመት ያፈራል።

በገበያ አረንጓዴና ነጭ አስፓራገስ ይታያል። ሁለት ዓይነት ዘር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነጩ ግን ቡቃያው ብርሃን እንዳያይ አፈር ተከምሮበት ያደገ ነው እንጂ ተክሉ አንድ ነው። ጀርመኖች በይበልጥ የሚወዱት ነጩን ነው። ለቤተሰብ ጓሮ ግን ድካም የማይበዛበት አረንጓዴው ይመረጣል።

ረጅም ታሪክ ያለው ምግብ

አስፓራገስን የሰው ልጅ ማልማት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ሮማዊው ካቶ ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ አተካከሉን ዘርዝሮ አስቀምጧል። ዐረቦች ሂልየውን ይሉታል። በሙስሊሞች አንደሉስ ደግሞ ስሙ ከታዋቂው ዚርያብ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ዚርያብ ከባግዳድ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ822 ቆርዶባ የገባ፣ በዳግማዊ ዐብዱረሕማን ቤተ መንግሥት ትልቅ ክብር ያገኘ ሰው ነበር። በአለባበስ፣ በገበታ ሥርዓትና በምግብ አቀራረብ ብዙ አዲስ ነገር አምጥቷል ይባላል። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ አልመቅቀሪ እንደሚተርክለት፣ በአንደሉስ አስፓራገስን ከሜዳ ለቅሞ ለገበታ ያበቃው እሱ ነው። ሰዎች በየሜዳው እየረገጡት የሚያልፉትን ነገር አይቶ ምግብ ማድረግ የአስተዋይ ዓይን ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1806 ሁለት የፈረንሳይ ኬሚስቶች ከዚህ ተክል ጭማቂ አንድ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ከፕሮቲን መሠረቶች፣ ማለትም ከአሚኖ አሲዶች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የታወቀው ይኸው ነበር። ስሙም ከተክሉ ስም ተወስዶ አስፓራጂን ተባለ።

ዛሬ በዓለም በብዛት የምታመርተው ቻይና ናት። ወደ ውጭ በመላክ ደግሞ ፔሩና ሜክሲኮ ይታወቃሉ። የፔሩ ነገር ለእኛ ትምህርት ስለሚሆን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ለቤተሰብ ምን ይሰጣል?

ከአስፓራገስ ክብደት ከመቶ 93 ያህሉ ውሃ ነው። ስለዚህ ያጠግባል ብሎ የሚተክለው ሰው ይሳሳታል። ጥቅሙ ሌላ ነው። ቫይታሚን ኬና ፎሌት የተባለው የቫይታሚን ቢ ዓይነት በደንብ ይገኝበታል። ፎሌት ሴት ልጅ ከማርገዟ በፊትና በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ሳምንታት በበቂ ሁኔታ ልታገኘው የሚገባ ነው። በዚያ ወቅት ካነሰ ሕፃኑ በአከርካሪና በአንጎል ላይ ጉዳት ይዞ ሊወለድ ይችላልና። ነገር ግን ሐቁን እንናገር። ይኸው ፎሌት በምስር፣ በባቄላና በጎመንም አለ። በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን እንክብልም የሚተካ አትክልት የለም። አስፓራገስ ገበታን ያሰፋል እንጂ ተአምር አይሠራም።

ሌላም ሰዎችን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። አስፓራገስ የበላ ሰው ሽንቱ ለየት ያለ ሽታ ሊያመጣ ይችላል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ጉዳትም የለውም።

በርበሬውን የገደለው ምንድን ነው?

ወደ ጅጋው ጓሮ እንመለስ። ጓሮውን ዞረን ስናየው አንድ ነገር ዓይናችንን ያዘው። በርበሬው የደረቀበት ቦታ ከግቢው ሁሉ ዝቅ ያለ ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ውሃ በቀጥታ ወደዚያው ይወርዳል። ባለቤቷን፣ «ሐምሌ ላይ እዚህ ውሃ ይቆማል?» ብለን ጠየቅነው። «እንዴታ! ዳክዬ ቢኖረን ይዋኝበት ነበር» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ግን ሳቁን አቆመና የደረቁትን የበርበሬ ግንዶች ዝም ብሎ ተመለከተ።

የበርበሬ ጠውልግ በሽታ በምዕራብ ጎጃም የብዙ ገበሬ እንባ ነው። በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ሻጋታዎችና ባክቴሪያዎች ያመጡታል። ውሃ የሚቆምበት ቦታ ደግሞ ሥሩን አዳክሞ ለበሽታው ይሰጠዋል። በርበሬ፣ ቲማቲምና ድንች የአንድ ወገን ተክሎች ስለሆኑ፣ አንዱ በታመመበት መሬት ሌላውን ማከታተል በሽታውን ማቆየት ነው። ስለሆነም በዚያ ቦታ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ሌላ ወገን፣ ለምሳሌ በቆሎ፣ ጎመን ወይም ሽንኩርት ማፈራረቅ ይመከራል።

ታዲያ አስፓራገስ ተክሎ መገላገል አይቻልም ወይ? አይቻልም! አስፓራገስ ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው የቆመ ውሃ ነው። በርበሬዋን የገደለው ውሃ አስፓራገሱንም አይምረውም። ይህን የምንናገረው ደርሶብን ነው። እኛም ከዓመታት በፊት 12 ችግኝ በጓሯችን ሞክረን ነበር። የአውሮፓ መጽሐፍ እንደሚያዘው ቦይ ቆፍረን፣ ችግኙን ከቦዩ ግርጌ አስቀምጠን ተከልን። ሐምሌ ሲገባ ቦዩ ኩሬ ሆነ። መስከረም ላይ ብንቆፍር አሥሩ በስብሰው አገኘናቸው። ጥፋቱ የመጽሐፉ አልነበረም። ዝናቡ በቀጭኑ ለሚወርድበት አገር የተጻፈውን ክረምቱ በኃይል በሚወርድበት አገር ላይ እንዳለ መገልበጣችን ነው።

ሁለተኛው ችግር የአፈሩ ጠባይ ነው። በጎጃም ወይና ደጋና ደጋ ብዙው ቀይ አፈር በዝናብ ብዛት ታጥቦ ኮምጣጣ፣ ማለትም አሲዳማ ሆኗል። የአፈር ኮምጣጤ በፒ ኤች ይለካል። አስፓራገስ የሚወደው ከ6.5 እስከ 7.5 ያለውን ሲሆን፣ በአካባቢው ከ5.5 በታች የሚወርድ መሬት ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ከመትከል በፊት በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል አፈርን ማስመርመር ይገባል። መድኃኒቱ የግብርና ኖራ ነው፤ መጠኑንም ባለሙያው ይወስናል። ለትንሽ መደብ የምድጃ አመድም ይረዳል። በካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ ያህል በዓመት አንድ ጊዜ በትኖ ከአፈሩ ጋር ማዋሃድ ይበቃል። አመድ ስለማይገዛ ብቻ ክምር አድርጎ መድፋት ግን ተክሉን ይጎዳል።

እንዴት ይተከላል?

በመጀመሪያ ስለ ዘሩ። እኅታችን ከጀርመን በፖስታ ሊላክላት የታሰበው ዘር እንዲቆይ መክረናታል። ዘር ከውጭ አገር ሲገባ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ይህ ሕግ ዝም ብሎ የወጣ አይደለም። በአንዲት ትንሽ ከረጢት ዘር ውስጥ ተደብቆ የሚገባ በሽታ የአንድ አገር እርሻ ሊያጠፋ ይችላል። በአዲስ አበባ በሕጋዊ መንገድ የአትክልት ዘር የሚያስመጡ ነጋዴዎችን መጠየቁ የተሻለ ነው።

ዘሩ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ አንድ ሌሊት ለብ ባለ ውሃ ይዘፈዘፍ። በየካቲት ወይም በመጋቢት፣ ከፍ ባለ የችግኝ መደብ ላይ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ተሰጥቶት ይዘራ። አፈሩ ሞቃትና እርጥብ ከሆነ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ቶሎ ካልበቀለ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ችግኙ ክረምቱንና በጋውን በዚያው መደብ ያሳልፋል።

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ ወደ ዋናው መደብ ይዛወራል። ዋናው መደብ በሚገባ መሠራት አለበት፤ ለ20 ዓመት የሚሆን ቤት ነውና። ቦታው ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከትልልቅ ዛፎች ሥር የራቀ ይሁን። እንደ ሰርዶ ያሉ ሥር ሰደድ አረሞች አንድ በአንድ ተለቅመው ይውጡ። በሚገባ የበሰበሰ ፍግ በብዛት ይግባበት። ከዚያም መደቡ ከግቢው ወለል ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይደረግ፤ ዙሪያውንም የውሃ መውረጃ ይቆፈር። ቦዩ የሚቆፈረው ከዚህ ከፍ ካለው መደብ አናት ላይ ሲሆን ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሥሩ እንደ ሸረሪት እግር ተዘርግቶ ይቀመጥና በትንሽ አፈር ይሸፈናል። ቡቃያው እያደገ ሲመጣ ቀሪው አፈር ቀስ በቀስ ይመለሳል። በአንድ ተክልና በሌላው መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ይተው።

መጀመሪያው ዓመት፦ ምንም አይቆረጥም። አረም በእጅ ይነቀላል። ዶማና መቆፈሪያ ሥሩን ስለሚቆርጡ አይጠጉት። ዶሮ እንዳይጭረው፣ ፍየል እንዳይግጠው ይታጠር።

ሁለተኛው ዓመት፦ ወፍራም ወፍራሙን መርጦ ለሁለት ሳምንት ብቻ መቅመስ ይቻላል።

ሦስተኛው ዓመትና ከዚያ በኋላ፦ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይቆረጣል። ቡቃያው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ጫፉ ሳይበተን፣ በጠዋት ይቆረጥ። አዲስ የሚወጡት ቡቃያዎች ከእርሳስ የቀጠኑ ሲሆኑ ተክሉ «በቃኝ» ማለቱ ነውና ይተው።

አሁን ወደ ፔሩ እንመለስ። አስፓራገስ በአውሮፓ የሚያርፈው በክረምቱ ብርድ ነው። ብርድ በሌለበት በፔሩ የባሕር ዳርቻ በረሃ ግን ገበሬዎቹ ውሃ በመከልከል ያሳርፉታል። እኛም በጋችን ለዚህ የተሰጠን ይመስላል። ከጥር ጀምሮ ውሃ ሲቀነስበት ላባው ቢጫ ይሆናል። ሲደርቅ ከሥሩ ይቆረጥና ፍግ ይደረግበታል። በሚያዝያ መጨረሻ ውሃ ሲያገኝ ይነቃል። ቡቃያው የሚደርሰው እንግዲህ በግንቦትና በሰኔ፣ ጎመን በሚጠፋበትና ጎተራ በሚጎድልበት ወቅት ይሆናል። ፔሩ ሌላም ትምህርት ትሰጣለች። በኢካ ሸለቆ ለውጭ ገበያ አስፓራገስ ለማጠጣት ከመጠን በላይ ውሃ ስለተሳበ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወርዶ ትንንሾቹ ገበሬዎች ጉድጓዳቸው ደርቆባቸዋል። የጎረቤትን ውሃ የሚያደርቅ ልማት ልማት አይባልም።

ስለ ፍሬውም እንናገር። አስፓራገስ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። ሴቷ ተክል ቀይ ፍሬ ታፈራለች። ፍሬው ያምራል፤ ነገር ግን ለሰው መርዛማነት ስላለው ሕፃናት እንዳይበሉት ይጠበቁ። ወንዶቹ ለፍሬ ጉልበት ስለማያወጡ ቡቃያቸው ይበዛል።

ከጓሮ ወደ ድስት

አበሳሰሉ ቀላል ነው። ግርጌው እንጨት ስለሚሆን በእጅ ሲያጎብጡት ራሱ ከሚሰበርበት ቦታ ይሰበር። ለጋው በአጫጭሩ ተከትፎ፣ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት ከተቁላላ በኋላ ይጨመርና ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ በላይ ሲበስል ይላላል፤ ጣዕሙም ይጠፋል። እንቁላል ተመቶ ቢጨመርበት ለልጆች ጥሩ ፍርፍር ይወጣዋል። በረመዳን ለማፍጠሪያ የሚሠራው ሾርባ ሊወርድ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቢገባበት ይስማማዋል። የተጣለው ግርጌም አይባክንም። ተቀቅሎ ውሃው ከተጠለለ የሾርባ መረቅ ይሆናል።

ገበያው ግን የት አለ?

ባለቤቷ የጠየቀው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ተገቢም ነው። በጀርመን ያለው ዋጋ ለጅጋ ነጋዴ ምንም አይደለም። ጅጋ ገበያ ወጥቶ አስፓራገስ የሚጠይቅ ሰው የለም። ሊገዙ የሚችሉት በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ያሉ ትልልቅ ሆቴሎች ናቸው። ባሕር ዳር ከጅጋ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ፣ አዲስ አበባ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አስፓራገስ ደግሞ ማቀዝቀዣ ከሌለ በሁለትና በሦስት ቀን ጣዕሙን ያጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር የስንት ሰው ምርት እንደተበላሸ አንባቢዎቻችን ታውቃላችሁ። የደረቀ በርበሬ በጆንያ ሆኖ መንገድ እስኪከፈት ወራት ይጠብቃል። አስፓራገስ አይጠብቅም።

ሒሳቡንም አብረን ሠራነው። አራት ሜትር ርዝመት ያለው አንድ መደብ 10 ተክል ይይዛል። አንድ ጎልማሳ ተክል በወቅቱ ከ10 እስከ 20 ቡቃያ ይሰጣል። በመካከለኛው 15 ብንይዝ 150 ቡቃያ ማለት ነው። አንዱ 20 ግራም ቢመዝን ሦስት ኪሎ ይሆናል። ሦስት ኪሎ ለስምንት ሳምንት ሲከፋፈል ለአንድ ቤተሰብ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚቀመስ ነው። ይህ ቤት የሚያቆም ገቢ አይደለም። ገበታ የሚያስውብ በረከት ነው።

የምክራችን ማሰሪያ

ውድ አንባቢያን! ለእኅታችን የሰጠነው ምክር ይህ ነው። አንደኛ፣ ከሁሉ በፊት ውሃው ይስተካከል። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ተይዞ ወደ በርሜል ይግባ፤ ትርፉም በቦይ ከጓሮው ይውጣ። ይህ ሳይሆን በርበሬም ቢተከል አስፓራገስም ቢተከል ውጤቱ አንድ ነው። ሁለተኛ፣ የታመመው መሬት ለሦስት ዓመት በጎመን፣ በሽንኩርትና በበቆሎ ይፈራረቅ። የልጆቹ ጉሮሮ የሚጠብቀው ይህንን ነው። ሦስተኛ፣ አስፓራገሱ የማንንም ቦታ ሳይሻማ፣ ከፍ ባለው የአጥር ጥግ በአንድ መደብ ብቻ ይሞከር። ሦስቱ የመጠበቂያ ዓመታት ከበርበሬው ማረፊያ ዓመታት ጋር እኩል ናቸው። ያኔ ቤተሰቡ ከተክሉ ጠባይ ጋር ተዋውቆ፣ መንገዱም ገበያውም ምን እንደሚመስል አይቶ መደቡን ለማስፋት ወይም ባለበት ለመተው ይወስናል።

ይህን ስንል ባለቤቷ ትንሽ አሰበና ዶማውን አንስቶ ከአጥሩ ጥግ አንድ መስመር አሰመረ። «እስከዚህ ድረስ ያንቺ ነው። ከዚህ ወዲህ የልጆቹ» አላት። እሷም ፈገግ ብላ፣ «ያኛውም የልጆቹ ነው፤ ግን ቆይቶ» አለችው። እማማ በበኩላቸው፣ «እኔ እንኳ ላልደርስበት እችላለሁ፤ ቢሆንም ትከሉት» አሉ።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተክል የተከለ ሙስሊም ከእርሱ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ በበላ ቁጥር ምጽዋት እንደሚሆንለት አስተምረውናል። እማማ ለራሳቸው ላልሆነ መደብ የፈቀዱት ይህን ይዘው ይሆናል። ከመውጣታችን በፊት ባለቤቷ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር የውሃ መውረጃውን ቦይ መቆፈር ጀምሮ ነበር። ትክክለኛው ሥራ ከዚያ ይጀምራል።